የላስታው ተማሪ መቃብርና ያልተመለሰው ዶዘር

ይድረስ ለወንድሜና ለአሳዳጊዬ፣ ለጋሼ ይስማው፤

እንደምን ከርመዋል ጋሼ? ጤናዎ እንዴት ነው? ክረምት ሲገባ የሚነሣብዎ የጉልበት ቁርጥማት ዘንድሮ አዘነልዎት ወይስ እንደ ዓምናው ክፍል የሚገቡት ምርኩዝ ይዘው ነው? የጎሬ ዝናብ ከጎጃም ይብሳል ብለውኝ ነበርና፣ የቤቱን ጣራ ክረምቱ ሳይከብድ አስጠገኑት? እትዬ እስከዳርስ እንደምን ናቸው? ሲያማቸው የከረመው ጨጓራ ለቀቃቸው? ውበቱ ስንተኛ ወጣ? ቤዛስ ጥርስ አበቀለች? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የምጠይቀው መልሱን ቶሎ እንደማላገኝ እያወቅሁ ነው፤ ቢሆንም እሱን ጠይቄ ካልወጣልኝ ሌላውን መጻፍ አልችልም።

እኔ ሰውነቴ ደኅና ነው። እበላለሁ፤ እተኛለሁ፤ ጠዋት ተነሥቼ ሥራዬን እገባለሁ። እማዬም ደኅና ናት፤ ለዳግማይ ትንሣኤ ቁይ ወርጄ አብሬአት አድሬ ነበር። ዓይኗ ትንሽ ደከም ብሏል እንጂ አፏ ያው ነው። "ያ ልጅ ጎሬ ሄዶ ቀረ፤ እዚያ አገር መመለሻ መንገድ የለም እንዴ? አንቺ መንገድ ሠሪ አይደለሽም? ሥሪለት እንጂ!" ብላ ሣቀችብኝ። እኔም አብሬአት ሣቅሁ። ያኔ የሚሥቅ ልብ ነበረኝ።

ደብዳቤ የመረጥሁት ነገሩ በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ነው። የካምፓችን ስልክ ያለው ከሥራ አስኪያጁ በር አጠገብ ነው። ሞባይል ደግሞ ኔትወርክ የሚያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው፤ እሱም ጉም ካልወረደ። ሰኔ ከገባ ወዲህ ጉሙ ከላያችን አልተነሣም። ይህን ወረቀትም በድርጅቱ ፖስታ አልልከውም፤ እህል ጭኖ እስከ ደጀን የሚሄድ ሾፌር አለ፣ እሱ ፖስታ ቤት ያስገባልኛል።

ነገሩን ከፊት ላስቀምጠው። በሚመጣው ሰኞ ደብረ ማርቆስ ላይ ስብሰባ አለ። እዚያ ስብሰባ ላይ በስሜ የቀረበ አንድ ጽሑፍ ሐሰት መሆኑን እናገራለሁ። ከተናገርሁ ድርጅቱ ያባርረኛል፤ ያባረረኝ ዕለት ደግሞ ዋሴን ይጠራል። ዋሴ እርስዎ ነዎት።

ዋስ የሆኑኝን ዕለት መቼም አይረሱትም። ከጎሬ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው፣ በዋናው መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው ሲፈርሙ፣ "እኅቴ ናት፤ ሦስት ዓመት ቀርቶ እስክትሸብት ታገለግላለች" ብለው ጸሐፊዋን አሣቋት። ድርጅቱ የሥራ ጊዜ ዕቅድና የመዘግየት ትንተና የሚባለውን ትምህርት ከፍሎ አስተምሮኝ ነበርና፣ ሦስት ዓመት ሳልሞላ ብወጣ ወይም በጥፋት ብባረር ወጪውን ከእርስዎ ደመወዝ ሊቀበል ተዋዋልን። ዋናው ዲግሪዬም እስከዚያ ድረስ በእነሱ ካዝና ሊቀመጥ ተስማማሁ። ሁለታችንም ደስ ብሎን ምሳ በላን። አሁን ያ ፊርማ በላዬ ላይ የተቀረቀረ በር ሆኗል።

ሥራዬ ምን እንደሆነ በደንብ ነግሬዎት አላውቅም። መንገድ ሲሠራ በዚህ ጊዜ ያልቃል ተብሎ ውል ይታሰራል፤ እንደ እኛ ድርጅት ያለ ተቋራጭ ጊዜውን ካሳለፈ ይቀጣል። ነገር ግን ያዘገየው የራሱ ጥፋት ካልሆነ፣ ለምሳሌ ዝናቡ ከልክ አልፎ እንደሆነ፣ ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ መሐንዲስ ንድፉን አዘግይቶበት እንደሆነ፣ ወይም መሬቱ ሳይለቀቅለት ቀርቶ እንደሆነ፣ ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቃል። እኛ ሳይት ላይ "ክሌም" እንለዋለን። የእኔ ሥራ ሥራውን በእውነት የያዘው የትኛው ምክንያት እንደሆነ መርምሮ ማሳየት ነው። ጭንቁ የሚመጣው ሁለት ምክንያት በአንድ ጊዜ ሲገጥም ነው። አንድ ገበሬ ማሳዬ ላይ ቋጥኝ ስላለ ሳላርስ ክረምቱ አለፈብኝ ቢለኝ፣ ቋጥኙን አይቼ ላዝንለት እችላለሁ። በሬዎቹ ግን ያን ጊዜ ሁሉ አማቱ ቤት ሲያርሱ ከርመው ከሆነ፣ ቋጥኙ ባይኖርስ በምን ሊያርስ ነበር? እኔ የተማርሁት ይህን መጠየቅ ነው። በሬዎቹ የት ነበሩ?

የእኛ በሬ አንድ ትልቅ ዶዘር ነበር። መንገዳችን ከጉንደ ወይን ወጣ ብሎ በቀጨሞ ኪዳነ ምሕረት ሥር አልፎ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ዳገቱን የሚቆርጠው እሱ ነው። ኅዳር ሲያልቅ ሎቤድ የሚሉት ከባድ ማሽን የሚያመላልስ መኪና መጥቶ ጫነው። ድርጅቱ ከዓባይ ማዶ ሌላ ሥራ ይዟልና ለዚያ ተፈለገ። ለጥምቀት ይመለሳል ተባለ። ጥምቀት አለፈ፤ ለፋሲካ ተባለ። ፎርማናችን አንተነህ፣ "የኛ ዶዘር እኮ ሃይማኖተኛ ነው፤ በዓል ሳያከብር ሥራ አይገባም" እያለ ሠራተኛውን ያሥቅ ነበር። ሠራተኛው በጋውን ሙሉ ድንጋይ ሲለቅም፣ ቦይ ሲጠርግ ዋለ። በዶማ ዳገት አይቆረጥም። ዶዘሩ ይህን ስጽፍልዎትም አልተመለሰም።

በሚያዝያ ትንተናውን ሠርቼ ለሥራ አስኪያጃችን ለኢንጂነር ደምለው ሰጠሁ። ለድርጅቱ የሚገባውን አልነፈግሁትም። መስከረም ላይ ዝናቡ ያለ ወጉ ቆይቶብን ነበር፣ ጻፍሁት። አማካሪው የአንድ ድልድይ ንድፍ አዘግይቶብን ነበር፣ እሱንም ጻፍሁት። ከኅዳር ወዲህ የቆመው ግን ዶዘሩ በመሄዱ ነው፤ እሱ የራሳችን ጉዳይ ስለሆነ ጊዜ አያስጠይቅም ብዬ አስቀመጥሁ። ኢንጂነር ደምለው አንብቦ፣ "ጎበዝ፤ ንጹሕ ሥራ ነው" አለኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ደብረ ማርቆስ ስብሰባ ተጠራን። የአማካሪው መሐንዲስ ሸምገል ያሉ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ገጹን ገልጠው፣ "እኅቴ፣ ይህ መቃብር ከኅዳር ጀምሮ እስካሁን አልተነሣም ማለት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። እኔ ስለ መቃብር የጻፍሁት ነገር አልነበረም። ተቀብዬ ሳየው አዘጋጅ ተብሎ ስሜ አለ፤ የዝናቡም የንድፉም ነገር እንዳለ አለ፤ ዶዘሩ ግን ጭራሽ ስሙ ተነሥቶ የማያውቅ ይመስል ከወረቀቱ ጠፍቷል። በእሱ ቦታ፣ የቀጨሞ ሕዝብና የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር መቃብር አናነሣም ብለው በጋውን በሙሉ ሥራ አስቁመዋል የሚል ገብቷል። እዚያው ጮክ ብዬ፣ "ይህን እኔ አልጻፍሁም" አልኩ። ኢንጂነር ደምለው እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ ሣቀ። "ልጃችንን መንገዱ አንገላቷታል፤ ስታስመልስ ነው የመጣችው" አላቸው። ሁሉም ሣቁ። አንዱማ ከኪሱ ሎሚ አውጥቶ፣ "አሽቺው፣ ይሻልሻል" ብሎ ሰጠኝ። ጋሼ፣ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ በሙያዬ ለተናገርሁት ቃል የተሰጠኝ መልስ ሎሚ ነው። ከዚያ ሻይ ይጠጣ ተባለ።

አሁን እውነተኛውን ልንገርዎት። የቀጨሞ ሰዎች መቃብር አናነሣም አላሉም። ጤፉ ማሳ ላይ ቆሞ እያለ፣ አጨዳውን ትተው፣ ኅዳር ላይ አነሡ። በዚህ ደብር ሥርዓት አፈሩን ማንም ይቆፍር ይሆናል፤ ዐፅሙን ከጉድጓድ የሚያወጣው፣ በጨርቅ የሚጠቀልለው፣ ወደ አዲሱ ቦታ የሚሸኘው ግን ዘመድ መሆን አለበት። በየመቃብሩ አፍ ላይ እንደ አዲስ ተለቀሰ። አንድ ሽማግሌ በልጅነታቸው የሞተባቸውን አባት እንደ ሕፃን አቅፈው ሲሄዱ አየሁ፤ አባትየው ከልጁ ይልቅ ወጣት ሆኖ የሞተ ነበር። እኔ ያን ጊዜ የሥራ ጫማዬን አድርጌ ዳር ቆሜ እመለከት ነበር። መንገድ እንዲያልፍ ብለው ወገናቸውን ሁለት ጊዜ የቀበሩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ በእኔ ስም የተከሰሱት።

አንድ መቃብር ብቻ ቀረ። ወልደ ሚካኤል የሚባል ከላስታ የመጣ የቆሎ ተማሪ ነበር አሉ፤ ቅኔ ሊማር መጥቶ፣ ታሞ እዚሁ ሞተ። የሚያነሣው ዘመድ የለውም። ደብሩ ወደ ላስታ በሚሄዱ መንገደኞች ሁለት ጊዜ መልእክት ልኮ ወገን ይጠብቃል። ክፋት አይደለም። ለባዕድ ተማሪ ሥርዓት እንዳይጎድልበት ብለው ነው፤ አንድ መቃብር ይህን ያህል መዘዝ ያመጣል ብሎ ያሰበ የለም። ለድርጅታችን ግን ያ መቃብር የክረምት ስንቅ ሆነለት።

ድርጅቱ አቤቱታውን ለወረዳም አሰምቶ ኖሮ፣ የደብሩን አስተዳዳሪ አለቃ ወልደ ሰንበትን አስጠሯቸው። ልማት አደናቃፊ ተብለው፣ በዚያ ዕድሜያቸው በር ላይ ሲያቆሟቸው ዋሉ፤ ዝናብ እየመታቸው በበቅሎ ተመለሱ። ይህን ስሰማ መቀመጥ አቃተኝና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣሁ። አለቃ ከደጀ ሰላሙ ተቀምጠው ነበር። ተሳለምኳቸው። "ነይ ልጄ፤ ስምሽን አንብበውልኛል" አሉኝ። ምነው በሰደቡኝ! ስድቡ የመጣው ከእማሆይ ወለተ ሐዋርያት ነው፤ በቅጥሩ ውስጥ የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው፣ ያንን ተማሪ ሲታመም ያስታመሙት እሳቸው ነበሩ። "እኛ ነን ወይ መኪናሽን ያሰርንብሽ? መቃብር ውስጥ ሸሽገነው እንደሆነ ቆፍሪና ውሰጂ!" አሉኝ። ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ አየኝ። እኔም የተደረገውን ሁሉ፣ ስሜ እንዴት እንደገባ፣ ሳልደብቅ እዚያው በሕዝቡ ፊት ተናገርሁ። ያመነኝም ያላመነኝም ነበር።

ከዚያ አለቃን ጠየቅሁ፤ "ዘመድ የሚባለው ማነው?" አልኳቸው። "ወገኔ ነው ብሎ በሰው ፊት የሚቆም፣ ተዝካሩን የሚያወጣ፣ ስሙን በጸሎት የሚያስጠራ ነው። ከዚህ የሸሸ ሥጋ ዘመድ ብዙ አይተናል" አሉኝ። "እንግዲያው እኔ እኅቱ ነኝ" አልኩ። እማሆይ፣ "ኧረ ይህች ልጅ አበደች! ሱሪ ለብሳ ላስቴ ሆነች!" ብለው ሰውን አሣቁት። አለቃ ግን አልሣቁም። "የአንድ ቀን ነገር አይደለም፤ ወንድም አለሽ?" አሉኝ። "አለኝ፤ ጎሬ አስተማሪ ነው፤ ድሮ እሱም የቆሎ ተማሪ ነበር" አልኳቸው። "እሱስ ወንድም ይሆነዋል?" አሉ። "ይሆነዋል" አልኩ። ይኸው ጋሼ፣ ሳልጠይቅዎ ለሁለተኛ ጊዜ ዋስ አደረግሁዎት። እርስዎ አኮፋዳ ይዘው ከአገር አገር ሲዞሩ እማዬ በራችን ላይ ለቆመ ተማሪ ሁሉ ስትሰጥ፣ "የኔንም ሰው ያብላው" ትል ነበር። ያ ልጅም ላስታ ውስጥ እንዲህ የምትል እናት ነበረችው ብዬ አሰብሁ።

ቀኑ ኪዳነ ምሕረት ስለነበር አፈር አይቆፈርም ብለው በማግሥቱ፣ ሰኔ ዐሥራ ሰባት፣ ተነሣ። ለምርቃቴ በገዙልኝ ነጠላ ጠቀለልሁት። እማሆይ ከጎኔ ተንበርክከው እንዴት እንደሚያዝ አሳዩኝ። ካህናቱ ፍትሐት እያደረሱ አዲሱ ቦታ ወሰድነው። ሲያበቃ እነዚያ በክፉ ዓይን ሲያዩኝ የሰነበቱ ሰዎች አንድ በአንድ እየመጡ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሉኝ። አለቀስሁ። ለማን እንዳለቀስሁ አላውቅም፤ ግን አለቀስሁ። እርስዎም ቢመችዎ ጎሬ ላይ ስሙን ያስጠሩልኝ።

መንገዱ ተከፍቷል ብዬ፣ ልቤ ቀና ብሎ ወደ ካምፕ ተመለስሁ። ለኢንጂነር ደምለው፣ "መቃብሩ ተነሥቷል፤ ከእንግዲህ የሚያስቆመን ነገር የለምና ዶዘሩን አስመጣ" አልኩት። ከወንበሩ ተነሥቶ ጨበጠኝ። "ሥራነሽ፣ አንቺ እኮ ዕንቁ ነሽ! መጀመሪያው ነበረን፤ መጨረሻው ነበር የጠፋን። መቃብሩ እስከ ሰኔ እንዳልተነሣ አንቺው ራስሽ በካህናትና በሕዝብ ፊት መሰከርሽልን!" አለኝ። ለክሌሙ ያ መዘግየት የሚያበቃበት ቀን ያስፈልግ ነበር፤ ቀኑን በገዛ እጄ፣ በገዛ ነጠላዬ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ዶዘሩስ ብዬ ብጠይቅ፣ "በክረምት ዶዘር ምን ይሠራል? ጭቃ ይብላ?" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ኑሮዬን ልግለጽልዎት። ጠዋት ጠዋት አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጣል፤ በስሜ የቀረበው ትንተና የራሴ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነው፣ ከታች ለፊርማዬ ቦታ አለው። ሳልፈርም አጥፌ አስቀምጠዋለሁ፤ በማግሥቱ ሌላ ንጹሕ ቅጂ ይመጣል። ኢንጂነር ደምለው አይቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በለሆሳስ፣ "ወንድምሽ አስተማሪ ነው አይደል? ልጆችም አሉት? የመንግሥት ደመወዝ መቼም ታውቂዋለሽ" ይለኛል፤ ስለ ጤናዎ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። ዘበኛው ጋሽ እንዳላማው ስወጣ ስገባ ቦርሳዬን ይፈትሻል፤ "ልጄ፣ ታዝዤ ነው" ብሎ ቀና ብሎ አያየኝም። ለሥራ እንኳ መኪና ብጠይቅ ናፍጣ የለም ይባላል። ጭቃው እስከ ባት ነው፤ ጉሙ ከመስኮቱ ላይ አይለቅም፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ሰው ቢጠራኝም አልሰማ። ካምፑ ውስጥ ሰዎች ሲያገኙኝ ወሬ ያቋርጣሉ። ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ሁሉም ዋስ አለው።

ልፈርምም አስቤ ነበር፤ ይህን ብደብቅዎ ትክክል አይሆንም። አንድ ስም ነው፣ አንድ ወረቀት ነው፣ አለቃም ከወረዳ ተመልሰዋል ብዬ ራሴን ለማባበል ሞክሬአለሁ። ትቼ ልጥፋም ብዬ አስቤአለሁ። ብጠፋ ዲግሪዬ እነሱ ጋ ነው፣ ዋሱ እርስዎ ነዎት፣ ሐሰቱም በስሜ እንደጸና ይቀራል። ብፈርም ደግሞ ነገ ሌላ መንገድ ላይ ሌላ ደብር ይጠየቃል፤ ያኔም የምጠራው እኔ ነኝ፣ አንዴ የፈረመች እጅ ለሁለተኛው አታስቸግርማ። ዝም ብልም ዝምታዬን እንደ ፊርማ ይቆጥሩታል፤ ሎሚ ሰጥተው ያልፉኛል። ዞሬ ዞሬ ያየሁት በር ሁሉ ዝግ ነው። ስለዚህ በተዘጋው በር ፊት ቆሜ እናገራለሁ።

ሰኞ የምለው ይህ ነው። የመስከረሙ ዝናብና የዘገየው ንድፍ እውነት ነው፣ ለድርጅቱ ይሰጠው። መቃብሩም አንድ ሆኖ ቀርቶ ነበር፣ አልክድም። ግን አንድ ጥያቄ ይመለስልኝ፤ ያ መቃብር ኅዳር ላይ ከሌሎቹ ጋር ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ዳገቱን በምን ትቆርጡት ነበር? ከተነሣ ወዲህስ በምን እየቆረጣችሁ ነው? ሎቤዱ ዶዘሩን ጭኖ ሲሄድ የቀጨሞ ሕዝብ በሙሉ ቆሞ አይቷል። አለቃ ወልደ ሰንበትና ሁለት ሽማግሌዎች በራሳቸው ስንቅ፣ በአውቶቡስ አብረውኝ ይሄዳሉ። አንተነህን ትመሰክራለህ ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። "እኔ የልጆች አባት ነኝ፤ ፈልጌ አልናገርም" አለኝ፤ ትንሽ ሄድ ብሎ ተመለሰና፣ "ግን ከጠየቁኝ አልዋሽም" አለ። ይህንኑ ይዤ ነው የምሄደው። የአማካሪው መሐንዲስ እንዲጠይቁት አደርጋለሁ።

ላያምኑኝ ይችላሉ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የእኔ ነው፤ ገና ልጅ ነኝ፣ ሴትም ነኝ፣ ባለፈው ያስመለሳት ተብዬ ተስቆብኛል። ቢያምኑኝም ድርጅቱ አያቆየኝም። ዲግሪዬን እስኪመልሱልኝ ያለ ወረቀት ማን እንደሚቀጥረኝ አላውቅም፤ ምናልባት ቁይ ወርጄ እማዬ ጋ ቂጣ እየበላሁ እከርማለሁ። በእርስዎ ላይ የሚመጣውን ግን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ጻፍሁ። አስቀድመው ለትምህርት ቤታችሁ ርእሰ መምህር ይንገሯቸው። ከድርጅቱ የሚመጣልዎትን ምንም ዓይነት ወረቀት አይፈርሙ፤ በጥፋት ተባረረች ካሉ ጥፋቷን አሳዩኝ ይበሏቸው። የሚቆረጥብዎ ነገር ቢኖር እስከ መጨረሻው ሠርቼ እመልሳለሁ።

ይቅርታ አልጠይቅዎትም ጋሼ። ይቅርታ የምጠይቅዎ ብፈርም ነበር። ፈቃድዎንም አልጠየቅሁም። ይህ ደብዳቤ ጎሬ እስኪደርስ ሰኞ አልፏል፤ አትናገሪ ቢሉኝ እንኳ ቃልዎ አይደርስብኝም። ሳላስብበት የሆነ እንዳይመስልዎት። እምቢ ካሉኝ እታዘዝዎታለሁ ብዬ ስለፈራሁ፣ ዛሬ ድረስ አቆይቼ ነው የጻፍሁት።

እትዬ እስከዳርን በጣም አድርገው ሰላም ይበሉልኝ። ቢቆጡኝ እውነታቸውን ነው፤ ቤቱን የሚያኖሩት እሳቸው ናቸውና ቁጣቸውን ሳያሳጥሩ ይጻፉልኝ፣ ተቀምጬ አነባለሁ። ውበቱን ጉንጩን ይሳሙልኝ፤ አክስቴ መንገድ እየሠራች ነው ወይ ብሎ ከጠየቀ፣ ለጊዜው ቆማለች ይበሉት። ቤዛን እግሯን ይሳሙልኝ፤ ሳላያት እንዳታድግብኝ። የእትዬ እስከዳርን እናት እመት ወለተ ሚካኤልን እጅ ነሥቻለሁ፤ በጸሎታቸው እንዳይረሱኝ። አከራይዎ የነበሩት ሽማግሌ በሕይወት ካሉ እሳቸውንም ሰላም ይበሉልኝ፤ የላኩልኝን ማር እስካሁን አልረሳሁትም። ለእርስዎም ለጋሼ፣ ጉልበትዎን ስሜያለሁ፤ ሐሳቤን ግን አልለውጥም።

እኅትዎ ሥራነሽ

ቀጨሞ ኪዳነ ምሕረት፣ ጉንደ ወይን አጠገብ
ሐሙስ፣ ሰኔ 24 ቀን 2002 ዓ.ም.